የወፍ በሽታ ከወፍ አይመጣም

ስለ ጉበት መቆጣትና ስለ ደም ምርመራ በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርት

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጉበት ነው። ጉበት ለምን ይቆጣል? መቆጣቱስ በምርመራ እንዴት ይታወቃል? ከጤና ጣቢያ የምርመራ ወረቀት ሲሰጣችሁ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ እናያለን።

ጽሑፉ ረዘም ያለ ስለሆነ በ8 ክፍል ተከፍሏል። አንዱን ክፍል አንብባችሁ ዕረፉ። ከጎረቤት ጋር ተወያዩበት። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

1. ጉበት ምን ይሠራል?

ጉበት የሚገኘው በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል።

የበላነው ምግብ ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ በመጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው። ጉበት ጠቃሚውን ያስቀምጣል፤ መርዝ የሆነውን ያከሽፋል። ሐሞት የሚሠራው ጉበት ነው። ስንቆስል ደማችን እንዲረጋ የሚያደርገውን ነገር የሚሠራውም ጉበት ነው።

ጉበት ቻይ ነው። ብዙው ክፍሉ ተጎድቶ እንኳ ሥራውን ይቀጥላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጉበት ሲታመም ቶሎ አይናገርም። ሰውየው እያረሰ፣ እየነገደ፣ ልጅ እያሳደገ ጉበቱ ውስጥ ውስጡን ለብዙ ዓመት ሊጎዳ ይችላል።

ጉበት ሲጎዳ ይቆጣል፤ ያብጣል። ሐኪሞች ይህን መቆጣት ሄፓታይተስ ይሉታል። እንግዲህ ሄፓታይተስ ማለት የጉበት መቆጣት ማለት ነው። ያስቆጣው ነገር ግን ብዙ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ይህን ነገር ያዙት፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

2. ዓይን ለምን ቢጫ ይሆናል?

በደማችን ውስጥ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት በየቀኑ ይሞታሉ። ሲሞቱ ቢጫ ቀለም ያለው ነገር ይወጣቸዋል። ጤነኛ ጉበት ይህን ቢጫ ነገር ከደም ለቅሞ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያወርደዋል። ዐይነ ምድር ቀለም የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ጉበት ሲታመም ይህን መልቀም ያቅተዋል። ቢጫው ነገር በደም ውስጥ ይከማቻል። ያን ጊዜ የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ይሆናል። ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል። ዐይነ ምድር አንዳንድ ጊዜ ነጣ ይላል። ሰውየው ምግብ ያስጠላዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ይደክመዋል።

ነገር ግን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ ጉበቱ ተቆጥቷል ማለት አይደለም። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲያፈርስ ዓይን ቢጫ ሊሆን ይችላል። የሐሞት መውረጃ በጠጠር ሲዘጋም እንዲሁ ነው።

በሌላ በኩል፣ ጉበቱ የተቆጣ ሁሉ ዓይኑ ቢጫ አይሆንም። ብዙ ሰው ምንም ምልክት ሳያይ በሽታውን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ዓይን ማየት ብቻውን አይበቃም። ምርመራ ያስፈልጋል።

3. ስለ ወፍ የሚባለው ነገር

በአገራችን ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው፣ ሽንቷ ነክቶት ነው የሚሉ አሉ። ከዚያም ያገር መድኃኒት ወደሚያውቅ ሰው ይኬዳል። ሥር ይቀጠቀጣል፤ ቅጠል ይጨመቃል፤ በሽተኛው ይጠጣል። አንዳንዱም በእሳት ይተኮሳል።

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠጥቶ ድኗል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ውሸት አልተናገረም። በእርግጥ ሰውየው ጠጥቷል። በእርግጥም ድኗል። ግን ያዳነው መድኃኒቱ ነውን?

እስቲ እናስብበት። ዓይንን ቢጫ ከሚያደርጉት በሽታዎች ውስጥ አንዳንዶቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ። በሽተኛው ቢጠጣም ባይጠጣም ይድናል። ዶሮ ስለ ጮኸ አልነጋም፤ ሊነጋ ሲል ዶሮ ጮኸ እንጂ። መድኃኒቱም እንደዚሁ ነው።

በራሱ የማይለቀው ዓይነት ግን ሌላ ነው። ዓይኑ ከቢጫነት ቢመለስም ቫይረሱ በደም ውስጥ ይቀራል። ሰውየው ዳንሁ ብሎ ይሄዳል። ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል። ያን ጊዜ ጉበቱ ጠባሳ ሆኗል፤ ወይም ካንሰር ይዞታል።

ከዚህም ሌላ፣ መጠኑ ያልታወቀ ሥርና ቅጠል የተቆጣን ጉበት ይብስ ሊጎዳው ይችላል። መርዙን የሚያከሽፈው ያው የታመመው ጉበት ነውና።

4. አምስቱ ቫይረሶች

ጉበትን በይበልጥ የሚያስቆጡት 5 ቫይረሶች ናቸው። ቫይረስ በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ የበሽታ ዘር ነው። እኛ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን እንደምንቆጥር፣ ሐኪሞች እነዚህን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ብለው ሰይመዋቸዋል።

ኤ እና ኢ የሚተላለፉት በአፍ በኩል ነው። የበሽተኛው ዐይነ ምድር የነካው ውኃ ወይም ምግብ ወደ ሰው አፍ ሲገባ ይይዛሉ። መጸዳጃ ቤት በሌለበት፣ ውኃ ሳይፈላ በሚጠጣበት፣ እጅ በሳሙና በማይታጠብበት ቦታ ይስፋፋሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 እና በ2015 በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች ውስጥ የኢ ዓይነት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ብዙ ሕዝብ በጥቂት ውኃና በጥቂት መጸዳጃ ቤት ሲኖር ይህ በሽታ መንገድ ያገኛል።

ኤ እና ኢ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይለቃሉ። ነገር ግን ኢ ነፍሰ ጡር ሴትን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለችውን፣ ሊገድል ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ዓይኗ ቢጫ ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ቢ እና ሲ የሚተላለፉት በደም ነው። ያልተቀቀለ መርፌ፣ በጋራ የሚሠራበት ምላጭ፣ የእንጥል መቁረጫ፣ የግርዛት ስለት፣ የንቅሳት መርፌ፣ ጥርስ የሚነቀልበት መሣሪያ ሁሉ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋል። በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። የቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ፣ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ስለዚህ «ደሙ ደርቋል» ተብሎ በምላጩ አይደገምም።

ዲ ብቻውን አይኖርም። ቢ ያለበትን ሰው ብቻ ይይዛል። ሲይዝም በሽታውን ያከብደዋል።

እዚህ ላይ እናቶችና አባቶች ልብ በሉ። ቢ አዋቂን ሰው ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ አሸንፎ ያስወጣዋል። ከ100 አዋቂዎች በውስጣቸው የሚቀርባቸው ከ5 ያነሱት ናቸው። በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሕፃን ግን ተቃራኒው ነው። ከ100 ሕፃናት 90 ያህሉ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ሕፃኑ አያለቅስበትም፤ ዓይኑም ቢጫ አይሆንም። ጉዳቱ የሚታየው አድጎ የቤት ኃላፊ ከሆነ በኋላ ነው።

5. ከቫይረስ ሌላ ጉበትን የሚያስቆጣ ምንድን ነው?

መጠጥ አንዱ ነው። አረቄም ይሁን ጠጅ፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ጉበቱን ያቆስላል።

መድኃኒትም አለ። ፓራሲታሞል ራስ ምታትን የሚያስታግስ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሲበዛ ግን ጉበትን ይገድላል። አንድ ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶችም አንዳንድ ሰው ላይ ጉበትን ያስቆጣሉ። ይህን ሰምታችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፣ ሽንቱ ቢጠቁር ወይም ቢያስታውከው፣ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ለሰጠው ባለሙያ ይንገር።

እህልም ጉበትን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ገበሬዎችን ያጠቃ ነበር። ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ሆዳቸው ያብጣል፤ ይከሳሉ። የሞቱም ብዙ ናቸው። የጤና ባለሙያዎች ውኃውን፣ እህሉን፣ ደሙን መረመሩ። ጉበታቸውን የሚጎዳው በማሳ ውስጥ ከሚበቅል አንድ አረም የሚመጣ መርዝ መሆኑን አገኙ። አረሙ ከአዝመራው ጋር ታጭዶ፣ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ወደ እንጀራው ይገባ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሰዎቹ የታመሙት በቫይረስ አልነበረም፤ በወፍም አልነበረም። ተጠይቆና ተመርምሮ ባይሆን ኖሮ ምክንያቱ አይታወቅም ነበር። እህልን መልቀምና ማበጠር ለጣዕም ብቻ አይደለም። የሻገተ በቆሎና የሻገተ ኦቾሎኒም አይበላም፤ ሻጋታው ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ አለው።

በወንዝ ውኃ የሚይዘው የብልሃርዝያ ትልም ጉበትን ይጎዳል። ስብ ሲበዛም ጉበት ይቆጣል። አልፎ አልፎም የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሱን ጉበት የሚወጋበት ሁኔታ አለ። አያችሁ፣ የጉበት መቆጣት አንድ ስም ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ነው።

6. ምርመራው እንዴት ነው?

ምርመራው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመልሳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ጉበቱ ተቆጥቷል ወይ?» የሚል ነው። ጉበት ሲጎዳ በውስጡ ያሉ ነገሮች ወደ ደም ይፈስሳሉ። በወረቀቱ ላይ ኤ ኤል ቲ እና ኤ ኤስ ቲ ተብለው የሚጻፉት እነዚህ ናቸው። ቁጥራቸው ከፍ ካለ ጉበቱ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማን እንደ ጎዳው አይናገሩም። ጎጆ ሲጨስ እሳት መኖሩን እናውቃለን፤ እሳቱን ማን እንደ ለኮሰው ግን ጭሱ አይነግረንም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ያስቆጣው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቃል። ምን ትጠጣለህ? ምን መድኃኒት ወሰድህ? ያገር መድኃኒት ቀምሰሃል? መርፌ የት ተወጋህ? ለእነዚህ ጥያቄዎች እውነቱን መንገድ ነው የሚበጀው። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊፈርድ አይደለም፤ ምክንያቱን ሊያገኝ ነው።

ከዚያ ለቫይረሶቹ ደም ይመረመራል። የቢ ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ይሠራል። ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። የምርመራው ስም ኤች ቢ ኤስ ኤጂ ይባላል። የሲ ምርመራም እንዲሁ ከጣት ደም ሊሠራ ይችላል።

አስፈላጊ ሲሆን ሐኪሙ ጉበቱን በአልትራሳውንድ ያያል። ይህ አያምም፤ አይወጋም።

7. ወረቀቱን እንዴት እንረዳው?

በወረቀቱ ላይ «ነጌቲቭ» የሚል ቃል ቢኖር የተፈለገው ነገር አልተገኘም ማለት ነው። «ፖዘቲቭ» የሚል ቢኖር ተገኝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ፖዘቲቭ ሲባል ጥሩ ነገር ይመስለዋል። በዚህ ወረቀት ላይ ግን ትርጉሙ «ተገኝቷል» ብቻ ነው።

ቢ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አሁን በደም ውስጥ አለ ማለት ነው። ግን አዲስ ነው ወይስ የቆየ? ይህን ለማወቅ ከ6 ወር በኋላ እንደገና ይመረመራል። ከ6 ወር በኋላም ካልጠፋ የቆየ ነው ይባላል።

ሲ ፖዘቲቭ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የመጀመሪያው የሲ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነቱ ቫይረሱን በአንድ ወቅት እንዳገኘው ነው። ቫይረሱ ዛሬም ይኑር አይኑር አያሳይም። ስለዚህ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሳይሠራ «ሲ አለብኝ» ብሎ መደንገጥ አይገባም።

ነጌቲቭ ሲሆንም አንድ ነገር አስታውሱ። ትናንት የገባ ቫይረስ ዛሬ ላይታይ ይችላል። በቅርብ ጊዜ ተጋልጠን ይሆናል የምትሉ ከሆነ፣ ለባለሙያው ንገሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንድትመለሱ ሊነግራችሁ ይችላል።

እስቲ በአንዲት እናትና በአንዲት ነርስ መካከል ሊደረግ የሚችል ንግግር እናንብብ።

«ሲስተር፣ ቢ አለብሽ አሉኝ። ልሞት ነው?»

«አይደለም፣ እናቴ። ብዙ ሰው ይዞት እየኖረ ነው። አሁን ጉበትዎ መጎዳቱን እናያለን።»

«መድኃኒት አለው?»

«የሚያስፈልገው ሰው ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን በየቀኑ ይወስዳል። ቫይረሱን ያዳክመዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አያጠፋውም። ሁሉም ሰው ግን ወዲያው አይጀምርም። በየጊዜው እየመጡ መታየት አለብዎ።»

«ልጆቼስ? ባለቤቴስ?»

«ሁሉም ይመርመሩ። የሌለበት ይከተባል።»

«ከእኔ ጋር አንድ ገበታ ላይ ይብሉ?»

«ይብሉ፣ እናቴ። ቢ በእንጀራ አይተላለፍም። በጉርሻ፣ በመሳም፣ በሳል አይተላለፍም። ጡትም ያጥቡ። ምላጭዎንና የጥርስ ብሩሽዎን ብቻ ለብቻ ያድርጉ።»

የዚህች ነርስ መልስ ትልቅ ነገር ነው። ቢ አለበት ተብሎ ከገበታ የተለየ ሰው አለ። ትዳሩ የፈረሰም አለ። በሽታው ያላፈረሰውን ቤት አለማወቅ ሊያፈርሰው አይገባም።

ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች ከመሄዳቸው በፊት ለቢ እና ለሲ ይመረመራሉ። አንዳንዶች ቫይረሱ እንዳለባቸው የሚሰሙት ያን ቀን ነው። ጉዞው ይቀራል፤ ብድሩ ይቀራል፤ ኀዘኑ ከባድ ነው። ያን ጊዜ «ደምሽን በአንድ ሳምንት አጸዳልሻለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። አትመኑት። ገንዘባችሁን ይወስዳል፤ ጉበታችሁንም ይጎዳል። ያ ወረቀት ጉዞውን ቢያስቀርም፣ ሕክምና ለመጀመር ግን ጥሩ ጊዜ ላይ ያደርሳችኋል።

8. ተስፋውና ሥራችን

ተስፋ አለ። የቢ ቫይረስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በአሜሪካዊው ሊቅ በባሩክ ብሉምበርግ ምርምር ፍንጩ ተገኘ። ከዚያ ክትባት ተሠራለት። በኢትዮጵያ የቢ ክትባት ከሌሎች 4 ክትባቶች ጋር ተጣምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። ሕፃኑ 6 ሳምንት፣ 10 ሳምንትና 14 ሳምንት ሲሞላው ይወስዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን የቢ ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል። ስለዚህ እርጉዝ እናት ለቢ ትመርመር፤ በጤና ተቋም ትውለድ፤ ስለ ልደት ቀን ክትባቱም ትጠይቅ።

ለሲ ክትባት የለም። ነገር ግን መድኃኒቱ ያድናል። በ8 ወይም በ12 ሳምንት የኪኒን ሕክምና ከ100 በሽተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ።

እንግዲህ ሥራችን ምንድን ነው? ውኃ አፍልተን እንጠጣ። ከመጸዳጃ ቤት ስንመለስ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ምላጭ በጋራ አንጠቀም። እህላችንን እንልቀም። ሕፃናትን እናስከትብ።

አንድ ሥራ ደግሞ ለእናንተ ማንበብና መጻፍ ለተማራችሁ እንስጥ። የምርመራ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ባለሙያው ሲያስረዳችሁ እናንተ በደብተራችሁ ላይ በአማርኛ ጻፉት። እንዲህ አድርጋችሁ፤

የተመረመርሁበት ቀን፤
የምርመራው ስም፤
የተገኘው ውጤት፤
የምመለስበት ቀን።

አራት መስመር ነው። ከ6 ወር በኋላ ስትመለሱ ሌላ ሐኪም ቢያያችሁ እንኳ ደብተሩ ይናገርላችኋል። የሰው ልብ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን አይረሳም።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ዓይን ቢጫ የሚሆነው ለምንድን ነው?
ለ. ያገር መድኃኒት ጠጥቶ የዳነ ሰው በእርግጥ መድኃኒቱ አድኖታል ማለት ይቻላል? ለምን?
ሐ. ቢ ካለበት ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ መብላት ይቻላል?
መ. ሲ ፖዘቲቭ የተባለ ሰው ለምን ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልገዋል?
ሠ. በመንደራችሁ ምላጭ በጋራ የሚሠራበት መቼ መቼ ነው? ምን ብታደርጉ ይቀራል?